ሁለተኛው ወረቀት

አባት ከተኮሰ በኋላ የጆሮው ጩኸት እስኪበርድ አልጠበቀም። ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ በጓሮው አጥር ላይ ወደወጠረው ወረቀት ሄደ።

ቀዶ የዘረጋው የሲሚንቶ ከረጢት ነው። መሃሉ ላይ በከሰል ከርከሮ ሞነጫጭሮበታል፤ በስተቀኝ ደግሞ ታናሹ ልጁ ሲገደል ቆሞበት የነበረውን ቦታ ለክቶ መስመር አስምሯል። የአደን ጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ የሚጠመዘዙ ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ ሰፊው እርሳሱን ይበትነዋል፣ ጠባቡ ያሰባስበዋል። ታላቁ ልጅ «ከርከሮውን ነው የተኮስኩት፤ ሰፊው ነበር የገባው፤ ፍንጣሪው ወንድሜን አገኘው» ብሏል። ፖሊሶቹ አምነውት ጠመንጃውን እንደነበረ መልሰዋል።

እናት ግን አላመነችም። ወንድማማቾቹ በእርሻው ድንበር ከተጣሉ ወዲህ የእግዜር ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። «ተኩሰህ አሳየኝ» አለችው ባሏን። «እስከዚያ ደጄን እንዳይረግጥ።»

ከርከሮው ወንፊት ሆኗል። መስመሩ ጋ ግን አንድም ቀዳዳ የለም።

አባት አፈሙዙን አዙሮ አየ። ፖሊሶቹ እንደመለሱት ነው፤ የገባው ጠባቡ ነው። ጠባቡ የሚገድለው ያነጣጠሩበትን ብቻ ነው።

«ምን ይላል?» አለች እናት ከጓዳ፣ ወጥታ ለማየት አቅም አጥታ።

«ቆይ እስቲ! በአንድ ጥይት ምን ይታወቃል? ልድገመው።»

«ድገመው። የሞተው እንደሁ አይቸኩል።»

አጥሩን ተደገፈ። «ጌታዬ፣ አንተ ታያለህ» አለ በልቡ። «አንድ ዓይን ያለው ግን በአፈር አይጫወትም።»

ጠባቡን ቀለበት ፈታ። ገና ትኩስ ነው። ሰፊውን አስገባ፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀዳዶ በአጥሩ ግርጌ ካሉት ድንጋዮች ሥር ወሸቀ፤ ከርከሮውንና መስመሩን በሌላ ወረቀት ላይ ስሎ ወጠረ፤ ከዚያው ካርቶን ያንኑ ዓይነት ጥይት አጎረሰና ተኮሰ። እርሳሱ እንደተዘራ ባቄላ ወረቀቱን ሞላው። መስመሩንም አለፈ።

እናት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከዚያ ትንሿን ጣቷን መስመሩ ላይ ባለው ቀዳዳ ሰደደች።

«በዚች ቀዳዳ?»

«በዚች።»

«ወይ ልጄ!» አለች። የትኛውን እንደሆነ አልተናገረችም። ቆይታ ግን፣ «ጥራው» አለች፣ «ብርድ ላይ ነው የዋለው።»

ታላቁ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ገባ። እናቱ ተጠመጠመችበት፤ «ጠርጥሬህ! የገዛ ልጄን ጠርጥሬ! ይቅር በለኝ፣ የኔ አባት» እያለች ፊቱን በእንባዋ አራሰችው።

እሱ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወረቀቱን አየ፤ የተበተኑትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ። ከዚያ በር ሥር የቆመውን ጠመንጃ አየ፤ ዓይኑ አፈሙዙ ላይ ቆየ። ቀስ ብሎም ወደ አባቱ ዞረ።

ቀድሞ ያቀረቀረው አባት ነበር።