የተነሣችው ፒክአፕ

መካኒኩ መሪው ፊት ተቀምጦ ቁልፉን ሰካ። «አትነሣም» ተብላ ለጨረታ የቀረበችውን የመሥሪያ ቤቱን ፒክአፕ ያሸነፈው ጠዋት ነበር። ውሉ እስኪፈረም አላስችል ብሎት፣ ከጋራዡ ያመጣውን የነዳጅ ፓምፕ እዚያው ግቢ ውስጥ ገጠመላት። «በይ እንግዲህ፣ እንዳታሳፍሪኝ» አላትና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አስሎ አስሎ ተነሣ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በመስኮት ብቅ አሉ። «ትሠራለች እንዴ?»

«ከአዲስ ትበልጣለች፣ ጋሼ!»

«እንግዲያው ጨረታው ተሰርዟል። የምትሠራ መኪና በቁራጭ ብረት ዋጋ አንሸጥም።»

«ያሸነፍኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«ውል ፈርመሃል? እስክንፈራረም ድረስ የመሰረዝ መብታችን የተጠበቀ ነው።»

መካኒኩ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ፓምፑን ሊፈታ መፍቻውን አነሣ።

«እጅህን ሰብስብ!» ብለው ጮኹበት ኃላፊው። «የመንግሥት ንብረት ነው!»