ፍሬን የሌለው መዘውር

ፍላምቦሮ ከተባለው የእንግሊዝ ባሕር ዳር ገደል ጫፍ የተጣለውን መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ጎርሶ ወደ ባሕሩ ዓለት ሲሮጥ፣ የማጥመጃው ክር የተጠቀለለበት አሮጌ የእንጨት መዘውር ክሩን እየለቀቀ ተፈተለከ። ይህ መዘውር ፍሬን የለውም፤ ፍሬኑ የሰው መዳፍ ነው። የአዛውንቱ የዊልፍሬድ መዳፍ ደግሞ ባለፈው የገና በዓል ስትሮክ ከመታው ወዲህ እሳትና በረዶ አይለይም ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ መዘውሩን ለልጅህ ስጠው አላልኩህም? ዓለቱ ውስጥ ከገባ ክሩም ዓሣውም ቀረ!» አለች ሚስቱ ኤድና፣ ኮቱን ከኋላ ጨምድዳ ይዛ።

«አንቺ እኔን ያዢ፤ ዓሣውን ለኔ ተይው።»

በዓይኑ እየመራ መዳፉን በሚሽከረከረው ጠርዝ ላይ ጫን አደረገው። መዘውሩ እያቃሰተ ቀስ አለ። ድንገት እጁን መንጭቆ አነሳና ዘርግቶ አየው፤ መሐሉ ቀልቷል።

«ኤድና» አለ፣ ወደ እሷ ዞሮ፣ «አቃጠለኝ እኮ!»

ኮቱን ለቃ መዳፉን በሁለት እጇ ያዘችው። ክሩ ወደ ባሕሩ ተተርትሮ ተተርትሮ አለቀ፤ ዞር ብሎ ያየው ግን አልነበረም።