አንደኛ የወጣው ጽናት

ልጅቷ ፕራግ ላይ የወጣቶች ሥነ ልቦና ትማራለች። «ወጣቶች ክፉ ወሬ ሲሰሙ እንዴት ይጸናሉ?» የሚለው ጥናቷ ትናንት ከክፍሉ አንደኛ ወጣላት። ብቻዋን ስትጨፍር አድራ፣ ጎህ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት የከተማው ሐበሻ በሙሉ ነጠላውን ደርቦ ደረጃው ላይ ቆሟል። ሐበሻ በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ ነው።

«ወይኔ እናቴ!» ብላ ተዘረረች።

የመረዳጃ ማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ዘርፌ ደረታቸውን እየደቁ እሪ አሉ፤ ሌላውም ተቀበላቸው። ጋሽ ድልነሳው ያቀፉትን ካርቶን ሳይለቁ ተንሰቀሰቁ። ጎረቤቱ ሁሉ በፒጃማ ወጣ።

ለቅሶው ጋብ ሲል፣ «መቼ ነው ያረፈችው?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ ዘርፌ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እኛማ ሥራ ሳንገባ ኬክ ይዘን እንኳን ደስ አለሽ ልንልሽ ነበር አመጣጣችን» አሉ። «ማን ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?»