ጥሩ ጥሩው

ፋብሪካው የሚያመርተውን የሕፃናት ሽሮፕ የቀመመችው እርሷ ናት። መድኃኒቱ ውሃ የማያሟሟው ዱቄት ስለሆነ ጠርሙሱ ሲቀመጥ ከሥር ይዘቅጣል፤ ሲነቀነቅ ግን ወዲያው ብድግ ብሎ ይዋሃዳል። የምትኮራው በዚህ ነበር። የገዛ ልጇን ሳንባ ምች ሲይዘውም ያንኑ ሽሮፕ ለአማቷ ሰጥታ፣ መጠኑንና ሰዓቱን ነግራ ሥራ ገባች።

ልጁ አልዳነም።

ልቅሶው ላይ «ባዶ ውሃ ነው የቀመምኩለት! የገዛ እጄ ጉድ ሠራኝ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ፣ አማቷ እቅፍ አደረጓት።

«ተይ ልጄ፣ ምን አጎደልሽበት? እኔስ ብሆን አተላውን መች አስነካሁት? ሳልነካካ አስቀምጬ፣ ጥልል ሲል ከላይ ጥሩ ጥሩውን ነበር የማጠጣው።»