የመሪጌታ ድምፅ ማደሪያ

አስማማው የአባቱን ድምፅ የት እንደሚያስቀምጥ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ።

ድምፁ ያለው ሲዲ ላይ ነበር። አባቱ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ደቅ ደሴት ላይ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከማረፋቸው በፊት አስማማው ለምኖ ለምኖ የዓመቱን ዜማ ከአፋቸው ቀረጸና ባሕር ዳር ያለ አንድ ሙዚቃ ቤት በሲዲ አወጣለት፤ አንድ ካርቶን ሞላ። አሁን ግን የሐይቁ እርጥበት ሲዲዎቹ ላይ ነጠብጣብ ማውጣት ጀምሯል። የመሪጌታን ወንበር የወረሱት የኔታ ዓምደ ሚካኤልም አርጅተው ዜማው እየተሸራረፈባቸው ነው። «የጠፋኝን ከመሪጌታ አፍ መልሼ ልማር፤ ሳልሞት አምጣልኝ» ብለው ልከውበታል። ከየኔታ ሌላ ያንን ዜማ ሙሉውን የተማረ ሰው አልቀረም።

አስማማው በአንድ ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምራል። መኪና በሌለበት መንገድ እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ የሚሻገር ሰው ነው።

ባልደረቦቹ ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ እንዲያስቀምጠው መከሩት።

«ኢንተርኔት ላይ ሲባል፣ ማን ቤት ነው?» ሲል ጠየቀ።

የማን ቤት እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። ነገሩ በዚሁ ቀረ።

በመጨረሻ ፍላሽ ይሻላል አለ። ሻጩ ትልቁን ግዛ አለው፤ ትልቁን ገዛ። ፋይል መገልበጥ አያቅተውም፤ የፈተና ወረቀት ሲገለብጥ ነው የኖረው። ቤቱ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ሲዲውን ያስገባል፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጎትቶ በየበዓሉ ስም ፍላሹ ላይ ይጥላል። ሳምንት ይፈጃል ብሎ የፈራው ሥራ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ዝም ብሎ ማመን ስለማይሆንለት፣ እያንዳንዱን ሲዲ ከኮምፒውተሩ ከማውጣቱ በፊት ፍላሹ ላይ ያለውን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። መሪጌታ በመጀመሪያ ይስላሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። አንዱም እምቢ አላለም።

ሁሉ ተገልብጦ ሲያበቃ ፍላሹ ገና እንዳልተነካ ነበር።

«እነዚህ ነጋዴዎች» አለ ለሚስቱ ለእናትዓለም፤ «ጣሳ ለሚበቃው በርሜል ይሸጣሉ።»

ከዚያ አንዱን ሦስት አደረገው። አንደኛው ፍላሽ ዓባይ ማዶ ካለው ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ሁለተኛው ኮሌጁ ከሚገኘው መሳቢያው፤ ሦስተኛው ለደቅ ተመደበ። ቤቱ ቢቃጠል ኮሌጁ አለ፤ ኮሌጁ ቢዘረፍ ደቅ አለ። ሦስቱን በአንድ ቀን የሚያጠፋ መቅሠፍት ቢመጣማ፣ ዜማውን የሚሰማ ሰውም አይተርፍም ሲል አሰላ።

የቀረው ስጋት አንድ ነበር፤ መልካሙ።

መልካሙ የእኅቱ የአገርነሽ ባል ነው፤ ቆጋ ላይ በመስኖ ስንዴ ያመርታል። ደግ ሰው ነው፤ እጁ ግን ለፍላሽ አይሆንም። አስማማው የልጁን ሠርግ ያስቀመጠበትን ፍላሽ መልካሙ አንድ ጊዜ ተውሶ ሲመልስ፣ ሙሽራዋ ጠፍታ በምትኳ የማያውቋቸው ሰዎች ሲጨፍሩ ተገኙ።

«አያ አስማማው» አለ መልካሙ ሊጠይቃቸው በመጣ ቀን፤ «አንዱን ፍላሽ ለእኔ ስጠኝና ቆጋ ላስቀምጥልህ።»

«አንተ ዘንድ ካስቀመጥሁት አባባ ሳምንት ሳይሞላቸው እስክስታ ይወርዳሉ።»

መልካሙ ከት ብሎ ሳቀ። «እሱን ከነፈግኸኝ እነዚህን ባዶዎቹን ስጠኛ! ወፍ ስንዴዬን ጨረሰው። ሲያብረቀርቁ ይደነግጣል።» ወደ ካርቶኑ አመለከተ።

አስማማው አሰበበት። መልካሙ ሲዲ ይዞ ከሄደ ፍላሹን ይረሳው ይሆናል።

«የአባትህን ድምፅ ለወፍ?» አለች እናትዓለም።

«ድምፁማ ወጥቷል። ነፍስ ከወጣ ሥጋ ምን ይሠራል?»

«ሥጋም ቢሆን ይቀበራል እንጂ እርሻ ላይ አይሰቀልም።»

ካርቶኑ ቆጋ ሄደ።

አስማማው ወደ ደቅ በተሻገረበት ቀን መልካሙ «እኔም የመሪጌታን ደብር ልሳለም» ብሎ ጀልባው ላይ ተገኘ። አስማማው ፍላሹን በክር አስሮ ከሸሚዙ ሥር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር። ጀልባው በተናወጠ ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል።

«ቢወድቅብህስ? ወዲህ በል፣ እኔ ልያዝልህ» አለ መልካሙ።

«ከወደቀም ከእኔ ጋር ይውደቅ።»

«ወይ መከራዬ! እንደ ሌባ ፈራኸኝ እኮ» አለ መልካሙ ሳይቀየም። «ሲዲዎቹ ግን በረከት ሆኑኝ። እያንዳንዱን ለአራት ለአራት ቆርጬ ሰቀልሁት፤ ወፍ የሚባል ድርሽ አላለም። መሪጌታ ከሞቱም በኋላ አዝመራዬን ጠበቁልኝ።»

አስማማው ሳይወድ ፈገግ አለ። ደረቱን ግን አልለቀቀም።

የኔታ ዓምደ ሚካኤል ደቀ መዛሙርታቸውን ሰብስበው ጠበቁት። የሰበካው ጸሐፊ ዲያቆን አካሉ፣ ከከተማ ያስመጣትን ቀጭን አዲስ ላፕቶፕ በፀሐይ ኃይል ሞልቶ አሰናድቷል። አስማማው መጀመሪያ መልካሙን ራቅ አድርጎ በሩ አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ፍላሹን ከአንገቱ አውጥቶ በገዛ እጁ ሰካው። ዜማዎቹ በየበዓላቸው ተደርድረው ታዩ፤ አንድም አልጎደለም።

«ይኸው፣ አልነካሁብህም!» አለ መልካሙ ከበሩ።

አስማማው በረጅሙ ተነፈሰ። የኔታ ነጠላቸውን አስተካክለው ጆሯቸውን አስጠጉ። አካሉ የመጀመሪያውን ከፈተ።

የመሪጌታ ሳል አልተሰማም። በስክሪኑ ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ ብቅ አለች።

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል።

«‹ይህ መጠቆሚያ ብቻ ነው፤ ድምፁ ያለው ሲዲው ላይ ነው። ሲዲውን ያስገቡ› ይላል፣ የኔታ።»