በብርሃን የሚነሳው ሞተር

ነጌሌ ቦረና ውስጥ ፒስተን የሌለው ሞተር ያላት መኪና አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም የተቀማች ናት።

ነጋዴው ዓብዱልባሲጥ በሞያሌ በኩል ከኬንያ ያስገባት ቀይ የጃፓን መኪና ነበረች። ሞተሯ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት ይሽከረከራል። በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ዓብዱልባሲጥ «ሰርጎ ገብ ትረዳለህ» ተብሎ ከሱቁ ተወሰደ። ቤተሰቡ ሬሳውን እንኳ አላገኘም። ያስገደለውም መኪናዋን የወሰደውም ጓድ ኃይለማርያም የሚባል ሹም ነው። ደረቱን ነፍቶ በሟቹ ሚስት ሱቅ ፊት ለፊት ይነዳት ነበር። ዓይን አውጣ!

ሚስቱ መሱዳ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ለባሏ እህት ለአሲያ ግን «ዋላሂ፣ ደሙን ሳልመልስ አልሞትም» ብላ ማለች።

ከዚያ መኪናዋ ቆመች። የቆላው አቧራና የተበረዘው ቤንዚን ካንዴላዎቿን ጨረሳቸው። ቤንዚኑን በፍንጣሪ የሚለኩሰው ካንዴላ ነው፤ የሌላ መኪና ካንዴላ ደግሞ ለእሷ አይሆንም። እየተገፋች ዲባ ጋራዥ ገባች።

ዲባ የሟች የልብ ወዳጅ ነበር። በለቅሶው ላይ ከዘመድ በላይ ያለቀሰ እሱ ነው። ጋራዡም ቀድሞ የዓብዱልባሲጥ መጋዘን ነበር፤ ተወረሰና ለዲባ ተሰጠ። ሰውዬው ሙያ አለው፤ ጉራው ግን ከሙያው ይበልጣል። ከሞያሌ ዕቃ ተጠቅልሎበት የመጣ የፈረንጅ መጽሔት ቅዳጅ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ለመጣው ሁሉ ይሰብካል።

«ሌዘር ይሉታል። ቀጭን ብርሃን ነው፤ ቤንዚኑን እሱ ይለኩሰዋል። ለእንዲህ ያለው የሚሽከረከር ሞተርማ ወደር የለውም! ካንዴላ ዳር ዳሩን ነው የሚለኩሰው፤ ብርሃን መሀል ድረስ ይገባል።»

ሰው ይስቅበታል። ኃይለማርያም ግን አልሳቀም።

«ታዲያ አሳየና! ለአብዮት በዓል ያቤሎ እሄድባታለሁ። ካልተነሳች እስከዚያ ድረስ የምትገፋት አንተ ነህ።»

ዲባ የሚገባበት ጠፋው። በገበያ ቀን መሱዳ አንድ ጥቅልል ይዛ መጣች።

«አካም፣ ናጋ?»

«ናጋ። ነይ ግቢ፣ መሱዳ» አለ ዓይኗን ሳያይ።

ጥቅልሉን ፈታችው። ያልተነኩ ካንዴላዎች ናቸው፤ ባሏ ለክፉ ቀን ከኬንያ ያስመጣቸው።

«ለዚያ ሰውዬ ነው የምትሰጪው?»

«ለሱ ነው። የኔን ስም ግን እንዳታነሳ። በብርሃኔ አስነሳኋት በል።»

ዲባ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«ደግሞ የባሌ መኪና ናት። ትንሽ ከሷ ጋር ብቻዬን ተወኝ» አለች።

ውጭ ቆሞ ኮፈኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማ። መሱዳ እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ዲባ፣ ሲነዳት ጋቢና እንዳትገባ። አደራ! ልጆች አሉህ።»

ክው አለ። ነጌሌ ውስጥ የተጠገነ መኪና ከጋራዥ ሲወጣ መካኒኩ ጋቢና ይቀመጣል፤ በእጁ ሥራ ማመኑን የሚያሳየው በዚህ ነው። ይህን ደንብ የማያውቅ ሰው የለም፤ ያፈረሰም መካኒክ ታይቶ አይታወቅም።

ዲባ ካንዴላዎቹን ገጠመ፤ ሞተሩን በረበረ፤ ከሥሯ ተኝቶ ፈተሸ። ምንም አላገኘም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው። ሄዶ ለኃይለማርያም መናገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም። ያ ሰው ቢሞት ለሱም የሚቀልለት ነገር ነበረው።

መኪናዋ የምትወጣበት ጠዋት ገበያተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ኃይለማርያም ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ባንዴ ተነሳ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ካንዴላ ከየት አገኘህ?»

«ምን ካንዴላ፣ ጓድ! ብርሃን ነው። የራሴ የእጅ ሥራ!»

«ጎበዝ! በል ግባ።»

«እኔ እንኳ... እዚሁ ልቅር። እርስዎ ይሂዱ።»

«ግባ እንጂ!»

«ሆዴን አሞኛል፣ ጓድ።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ኃይለማርያም ሞተሩን አጥፍቶ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ምንድነው ውስጧ ያስገባኸው?»

«እኔ አይደለሁም! መሱዳ ናት! የሆነ ነገር አድርጋባታለች!»

«የራሴ ሥራ ነው ብለህ ሳትጨርስ? ደግሞ እሷ ከሆነች፣ አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

ወታደሮች ዲባን ያዙት። መሱዳ ከሕዝቡ መሀል ወጥታ የጋቢናውን በር ከፈተችና ተቀመጠች።

«ጓድ፣ እኔ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ። ተንኮል ሠርታለች ከተባልኩ አብሬዎት ልሂድ። ይንዱ! ወይስ ሴት ገብታ እርስዎ ይቀራሉ?»

ኃይለማርያም በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንዴት ይቅር? ላብ እያጠመቀው ገባ። መሐላውን የምታውቀው አሲያ «ያ ረቢ፣ አብራው ልትሞት ነው!» ብላ ጮኸች። መኪናዋ አቧራ አስነስታ ከገበያው ጀርባ ተሰወረች። ሰው ጆሮውን ይዞ ጠበቀ።

ዞራ መጣች። ኃይለማርያም እየሳቀ ወረደ፤ ዲባን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ።

«ዛሬ ያልፈነዳው ለያቤሎ መንገድ ብሎ ስላጠመደው ነው። ውሰዱት!»

ዲባ እየጮኸ የወታደር መኪና ላይ ተጫነ። እንዲህ የተጫነ ሰው እንደማይመለስ ነጌሌ ያውቃል።

አሲያ የመሱዳን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ምነው መሱዳ! ገዳዩ ይኸው ቆሞ ይሄዳል! መኪናዋን ምን አድርገሻት ነው?»

«ምንም» አለች መሱዳ፣ የወታደሩን መኪና በዓይኗ እየሸኘች።

«ኃይለማርያም የባሌን ስም እንኳ አያውቅም ነበር፤ ዲባ ሄዶ እስኪጠቁመው።»