ሰው የሌለበት መንገድ

ሱሉልታ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በታመሰችበት ሰሞን፣ ነጋዴው ኡበይድ ሱቁን ዘግቶ ፎቅ ላይ ከመስኮቱ አጠገብ መልክዓ ምድር ይስል ነበር። ጎረቤቱ ልጁን ሲቀብር፣ እርሱ የገዛ ጭንቀቱን በቀለም የሚያስታምም ጨዋ ሆኖ ተቀመጠ። ከተቃጠለው መኪና የሚወጣውን ጭስ በሰማያዊ ሸፈነው፤ ወታደሮቹንም ቀባሪዎቹንም በሣር ደፈናቸው። ሰው መልክዓ ምድር ያበላሻል ባይ ነበርና።

«አላህን አትፈራም?» ስትል ሚስቱ ጁማና ከምድር ቤት ጮኸች። «ሚንሃ ዳቦ ልግዛ ብላ እንደወጣች ቀረች፤ አንተ እዚያ ሣር ታበቅላለህ!»

«ይኸው እየመጣች ነው። ጩኸትሽን ቀንሺ።»

እውነትም ልጁ ሚንሃ በመንገዱ እየሮጠች ትመጣ ነበር። ኡበይድ ሳያስበው ብሩሹ ቀይ ሂጃቧን እንደ ነጥብ ሸራው ላይ አሳረፈ። ኡበይድ ነጥቡን አየውና ተጸየፈው፤ ሥዕሉን አጉድፎበታል። በአፈር ቀለም ደመሰሰው።

ቀና ሲል መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ጭሱም፣ ወታደሮቹም፣ ቀባሪዎቹም የሉም።

«ጁማና! ልጅቷ ገባች?»

ጁማና በእርጋታ ደረጃውን ወጣች፤ ቁጣዋ ከፊቷ ጠፍቷል። ሥዕሉን አየችና ፈገግ አለች።

«የማን ልጅ?» አለችው።